ልብን በዳገት መጠየቅ፦ የስትረስ ኢኮ ታሪክ ከሉንድ እስከ ጮቄ ግርጌ



የዘንድሮው የመገናኛ መጽሔት አዘጋጆች «ከየሙያችሁ አንድ አንድ የታሪክ ጽሑፍ አዋጡ» ሲሉን፣ የታሪክና የአማርኛ ክፍል ልጆች ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ስለ መንቆረርና ስለ ቅኔ ቤቶቻችን እንደሚጽፉ አውቄ ነበር። በዚያ በኩል ከእነሱ ጋር አልፎካከርም። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከልብ ሕሙማን ጋር ነው። ስለዚህ የአንድ ምርመራ ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ምርመራው ስትረስ ኢኮ ይባላል። ኢኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ፅንሷን እንደምትታየው ሁሉ ልብም በድምፅ ሞገድ ይታያል። ስትረስ ኢኮ ደግሞ ያንኑ ልብ ሥራ አብዝተንበት፣ ማለትም ታማሚውን አስኪደን፣ ቋሚ ብስክሌት አስነድተን ወይም ምት የሚያፈጥን መድኃኒት በደም ሥር ሰጥተን፣ ዳግመኛ የምናይበት ዘዴ ነው።

«ይሄ የሀብታም አገር ምርመራ ለእኛ ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እውነት ነው፤ ምርመራው የተወለደው በሀብታም አገሮች ለሚበዛው፣ የልብን ጡንቻ የሚመግቡት የደም ሥሮች ሲጠቡ ለሚመጣው በሽታ ነው። እኛ ዘንድ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልብ በራቸው የተጎዳ ወጣቶች፣ ይልቁንም ወጣት ሴቶች፣ ተኝተው ሲታዩ ደህና መስለው ዳገት ላይ የሚወድቁበትን ምክንያት ያሳየናል። ይህን ለማስረዳት ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር።

ሐኪሞች ስለ ዳገት መጠየቅ ሲጀምሩ

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1772 በታተመ ጽሑፉ አንድ የደረት ሕመም ገልጿል። ሕመሙ ሰውየው ሲራመድ፣ በተለይም ዳገት ሲወጣ ይመጣል፤ ሲቆም ይለቃል። ሄበርደን መሣሪያ አልነበረውም፤ ያለው ጥያቄና ጆሮ ብቻ ነበር። ሕመሙን ከሌሎች የደረት ሕመሞች የለየው ታማሚዎቹ ምን ሲያደርጉ እንደሚያማቸው በመጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1816 ፈረንሳዊው ሬኔ ላኔክ ስቴቶስኮፕን ፈለሰፈ። ከዚያ በኋላ ሐኪም የልብን ድምፅ ጠጋ ብሎ መስማት ቻለ፤ ትልቅ እመርታ ነበር። ነገር ግን የሚሰማው ያረፈ ልብ ድምፅ ነው። ታማሚው አልጋ ላይ ይተኛል፣ ሐኪሙ ያዳምጣል። ዳገቱ ከምርመራ ክፍሉ ውጪ ቀረ።

ዳገቱን ወደ ክፍሉ ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1929 በኒው ዮርክ አርተር ማስተር የሚባል ሐኪም ከባልደረባው ጋር ሆኖ ሁለት ደረጃ ያላት መወጣጫ አሠራ። ታማሚው እየወጣ ይወርዳል፤ ከዚያ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በሲያትል ሮበርት ብሩስ ዛሬም ድረስ በስሙ የሚጠራውን የትሬድሚል ሥርዓት አወጣ። በየ3 ደቂቃው የማሽኑ ፍጥነትም ተዳፋትም ይጨምራል። የመጀመሪያው እርከን በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በ100 ሜትር 10 ሜትር ከፍታ ባለው መንገድ ላይ እንደ መሄድ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከአባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን ሽቅብ የወጣ ሰው ይህን ማሽን ቢያየው ምን ይል ይሆን?

የሉንድ ማሽን ለየትኛው በሽታ ተሠራ?

ብዙ ሰው፣ አንዳንዴም የሙያ ባልደረቦቼ ጭምር የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ኢኮ ራሱ የተፈለሰፈው ለሩማቲክ የልብ በሽታ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን ሉንድ ከተማ ኢንገ ኤድለር የሚባል የልብ ሐኪም ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ በአውሮፓም የሩማቲክ በሽታ ገና አልጠፋም። የጠበበን የሚትራል በር በቀዶ ሕክምና መክፈት አዲስ ነገር ነበር። ሄንሪ ሱታር የሚባል የለንደን ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1925 ጣቱን በልብ ውስጥ አስገብቶ የአንዲት ወጣት ሴትን በር ከፍቶ ነበር፤ ልጅቷ ዳነች፣ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ታማሚ የሚልክለት ሐኪም አላገኘም። ሥራው ዳግም የተነሣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

የኤድለር ችግር ይህ ነበር፦ በሩ የጠበበበትን ሰው ከሚያፈስበት ሰው በትክክል መለየት። የጠበበው ቢከፈት ይድናል፤ የሚያፈሰው ቢከፈት ይብስበታል። ስቴቶስኮፑ ሁልጊዜ አያስተማምንም። ስለዚህ ኤድለር ሄልሙት ኸርትዝ የሚባለውን የፊዚክስ ባለሙያ አማከረው። ኸርትዝ በማልሞ ከተማ የኮኩምስ የመርከብ ፋብሪካ የብረት ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈትሽበት መሣሪያ እንዳለው ያውቅ ነበርና ለቅዳሜና እሑድ ተውሶ ሞከረው። መሣሪያውን ደረቱ ላይ ሲያደርገው የሚንቀሳቀስ ምልክት አየ። በኋላ ከሲመንስ ኩባንያ ሌላ መሣሪያ አግኝተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1953 የመጀመሪያውን የልብ ኢኮ መዘገቡ።

መጀመሪያ ላይ ያዩት ምልክት የላይኛው የግራ ልብ ክፍል ግድግዳ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን የሚትራል በር የፊተኛው ክንፍ ሆኖ ተገኘ። ክንፉ በጤነኛ ሰው ቶሎ ይመለሳል፤ በሩ በጠበበበት ሰው ዝግ ብሎ ይመለሳል። ያቺ ዝግታ የምርመራው መሠረት ሆነች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ማሽኑ የተሠራለት በሽታ ከስዊድን ጠፋ፤ ቤቱ ሰፋ፣ ኑሮው ተሻሻለ፣ ፔኒሲሊን ደረሰ። ማሽኑ እዚያ ሌላ ሥራ ተሰጠው። በሽታው ግን እዚህ እኛ ጋ ቀረ።

ኢኮና ድካም ሲጋቡ

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮ ማሽን ከአንድ መስመር አልፎ የሚንቀሳቀስ ሙሉ ምስል ማሳየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤል ዋንና ባልደረቦቹ ታማሚዎችን ብስክሌት እያስነዱ ልባቸውን በኢኮ አዩ። የደም ሥሩ የጠበበበት የልብ ጡንቻ ሲያርፍ ደህና ይኮማተራል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ደም ስለሚያጥረው ያ ክፍል ብቻ ይደክማል፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። ይህ ድካም የኤሌክትሪክ ምርመራው ሳይለወጥ፣ ታማሚውም ሕመም ሳይሰማው በፊት ሊታይ ይችላል።

መሮጥ ለማይችለውስ? በእግር ሕመም፣ በእርጅና? ለዚህ በጣሊያን ፒሳ ዲፒሪዳሞል፣ በቤልጂየም ሊዬዥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ዶቡታሚን ተሞከረ። ዶቡታሚን ቀድሞ ለደከመ ልብ ማበርቻ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ በትንሹ ተጀምሮ በየ3 ደቂቃው ሲጨመር ልቡ ዳገት የወጣ ያህል ይመታል። ግቡ ብዙውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው ቁጥር 85 በመቶው መድረስ ነው። የ60 ዓመት ሰው ቢሆን በደቂቃ 136 ምት መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምርመራው ከአንድ በሽታ ወደ ብዙ ተሻገረ። የልብ ጡንቻው ከድንገተኛ ሕመም በኋላ የደነዘዘ እንጂ ያልሞተ ከሆነ በትንሽ ዶቡታሚን ይነቃል፤ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ መልሶ ይደክማል። ያ ጡንቻ ደም ቢመለስለት ይድናል ማለት ነው። የአኦርታ በር የጠበበበት ሰው ልቡ ራሱ ከደከመ፣ በሩን የሚያልፈው ደም ስለሚያንስ ጥበቱ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ዶቡታሚኑ ልቡን ሲያበረታው ግን እውነተኛው ጥበት ይገለጣል። የልብ ጡንቻቸው በዘር የወፈረ ሰዎች ደግሞ አሉ። በነሱ ላይ ተኝተው የማይታይ የደም መውጫ መዘጋት፣ ሲሮጡ ወይም እንደሚያምጥ ሰው ትንፋሽ ሲይዙ ብቅ ይላል። አንዳንዶቹ ስፖርተኞች ናቸው።

ከነዚህ ሁሉ መካከል ለእኛ የሚቀርበው ግን የሚትራል በር ጥበት ነው።

የቅዳሴ በር

የሚትራል በር በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ነው። በጤነኛ ሰው ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 1.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን ከባድ ጥበት እንለዋለን። ደሙ በዚህ በር የሚያልፈው ልብ በሚያርፍባት ቅጽበት ብቻ ነው።

ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንዲህ ነው። ቅዳሴ ሲያበቃ የቤተ ክርስቲያኑ በር ጠባብ ቢሆንም ጊዜ ከተሰጠው ሕዝቡ ቀስ እያለ ወጥቶ ያልቃል። በሩ ግን ቶሎ ቶሎ እየተከፈተ ቶሎ ቶሎ ቢዘጋ ሰዉ ውስጥ ይታጨቃል፣ ግፊያውም እስከ ኋላ ይደርሳል። የልብ ምት በደቂቃ ከ60 ወደ 120 ሲደርስ እያንዳንዱ ዙር ከ1 ሴኮንድ ወደ ግማሽ ሴኮንድ ይወርዳል። ከዚያ ውስጥ በይበልጥ የሚቀነሰው በሩ የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ደሙ ወደ ኋላ ይመለስና ሳንባ ውስጥ ይታጨቃል። ትንፋሽ ያጥራል፤ ሲብስ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታም ይመጣል።

ስለዚህ ተኝታ ስትመረመር ምቷ 65 የሆነ ሴት በሯ ጠባብ ቢሆንም ግፊቷ ልከኛ ሊሆን ይችላል። በስትረስ ኢኮ ስናያት ግን በበሩ ግራና ቀኝ ያለው አማካይ የግፊት ልዩነት ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ የሳንባው ደም ሥር ግፊት ደግሞ ከ60 ካለፈ ነገሩ ሌላ ነው። «ደህና ነኝ» ብትልም በሩ ሥራዋን አልቻለላትም።

«ምንም አይለኝም»

በሽታው የሚጀምረው በጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮው የታመመ ልጅ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዛወር ቁርጥማት ሊያመው ይችላል። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ የራሱን ልብ ይመታል። ቁርጥማቱ ይለቃል፤ የልቡ ጠባሳ ግን ይቀራል። በየቤቱ ያለው ማብራሪያ ብርድ መታው፣ እንጥል ወረደበት የሚል ነው፤ ልጁም እንጥሉን ይቆረጣል። ያ ደግሞ ለልቡ የሚፈይድለት ነገር የለም።

በአፍሪካ፣ በሕንድና በየመን የተካሄደውና ኢትዮጵያም ያለችበት ሬሜዲ የሚባለው ጥናት 3,343 የሩማቲክ የልብ ሕሙማንን መዝግቧል። የዕድሜያቸው መካከለኛ 28 ዓመት ነው፤ ከ100ው 66ቱ ሴቶች ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ 17 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። የልብ በሽታ የሽማግሌ ነው የሚባለው እኛ አገር አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት በሞዛምቢክና በካምቦዲያ ተማሪ ቤቶች ልጆች በስቴቶስኮፕም በኢኮም ታዩ። በስቴቶስኮፕ የተገኙት ከ1,000 ልጆች 2 ገደማ ነበሩ፤ በኢኮ ግን በሞዛምቢክ 30፣ በካምቦዲያ 21 ገደማ ሆኑ። አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። በእኛ አገር በጅማ አካባቢ ተማሪዎችን በኢኮ ያዩ ተመራማሪዎችም ከ1,000 ሠላሳ ያህል አግኝተዋል።

የእኛ ደጋ በዚህ ላይ የራሱን ነገር ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ራሷ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጮቄ ከ4,000 ያልፋል። ውሃው ታች ነው፣ ቤቱ ላይ። ገበያው ማዶ ነው። «ትንፋሽ ያጥረኛል» ያለ ሰው ካለ «ደጋ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። ግን ልክ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረ መድኅንና ከሌሎች ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ በስሜን ተራራ 3,530 ሜትር ላይ ተወልደው የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ፣ የሄሞግሎቢናቸውም መጠን ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ደጋ የተወለደ ጤነኛ ሰው ደጋውን ይችለዋል። ወጣት ሆኖ ዳገት ካቃተው ምክንያት መፈለግ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ታማሚዎቹ የማይናገሩ መሆናቸው ነው። አውቀው አይደብቁም። ልባቸው ሲደክም ኑሯቸውን በልክ ይቀንሳሉ። መጀመሪያ ገበያ ይቀራል፤ ከዚያ ውሃ መቅዳት፣ ከዚያ ለቅሶ መድረስ። በቀነሱት ኑሮ ውስጥ ደህና ናቸውና «ምንም አይለኝም» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው።

አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ከጮቄ ግርጌ የመጣች፣ ካገባች ብዙም ያልቆየች ወጣት ነበረች። ይዛው በመጣችው የኢኮ ወረቀት ላይ በሩ መጠነኛ ጥበት እንዳለው ተጽፏል። «እታለም፣ ዳገት ያደክምሻል ወይ?» ስላት «ኧረ ዶክተር፣ ምንም አይለኝም» አለችኝ። አማቷ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። «ምኑን አይላት ልጄ፤ ገበያ ከተወች ሰነበተች እኮ። ውሃውንም እኔው ነኝ የማመላልስ» አሉ። ያኔ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «የስቅለት ዕለትስ ስግደቱ እንዴት ነበር?» ዝም ብላ ቆየችና «አምና ከሰው እኩል ሰግጃለሁ። ዘንድሮ ግን ግድግዳ ተደግፌ ዋልኩ» አለች።

ይህን ጥያቄ ለወጣት ሐኪሞች ሁሉ እመክራለሁ። ስግደት በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ከጎረቤት ጋር ጎን ለጎን የሚደረግ የጉልበት ሥራ ነው፤ አምናን ከዘንድሮ ለማነጻጸር ይመቻል። ማስተር በኒው ዮርክ ሁለት ደረጃ አሠርቶ የፈለገውን የእኛ ሰው በየዓመቱ በፈቃዱ ያደርገዋል። ለሙስሊም ታማሚዎቻችን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሌሊት ለሱሑር ተነስቶ ቀኑን ሥራ ላይ መዋል እንዴት ነው? ዋናው ነገር ታማሚው «ሥራ» ብሎ የማይቆጥረውን ሥራ ፈልጎ መጠየቅ ነው።

ልጅቷን ክትትል እያደረግን አስኬድናትና ወዲያው አስተኝተን አየናት። ተኝታ ልከኛ የነበረው የሳንባ ግፊቷ ከ60 አለፈ። ያን ዓመት መውለድ አስባ ነበር። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፣ ምትም ይፈጥናል። እርግዝና ዘጠኝ ወር የሚቆይ፣ ማሽኑ የማይጠፋ ስትረስ ቴስት ነው ማለት ይቻላል። ከወለደች በኋላ ባሉት ሰዓታት ደግሞ ከማኅፀን የሚመለሰው ደም በአንድ ጊዜ ልቧ ላይ ይወድቃል። ስንት እናት «በሰላም ተገላገለች» ከተባለች በኋላ በዚያች ሌሊት ታፍና ሄዳለች።

ምት የሚያዘገይ መድኃኒት ተሰጣት፤ በሩ የሚከፈትበት ጊዜ እንዲረዝም ነው። በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ጀመረች። ከባሏም ከአማቷም ጋር ተነጋግረን እርግዝናው በሩ እስኪሰፋ እንዲቆይ ተስማሙ። ወደ ላይ ተላከች። ተራዋ እስኪደርስ ብዙ ጠበቀች፤ ግን ደረሰላት። በእግር የደም ሥር በገባ ፊኛ በሩ ተከፈተላት። ይህን ዘዴ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። ተራቸው ሳይደርስ ያለፉም አሉ፤ ስማቸው መዝገቤ ላይ አለ።

ከጎንደር እስከ አዲስ አበባው ሰነድ ያለው መንገድ

አገራችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። በ1947 ዓ.ም. ገደማ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላም የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ሲከተል ሐኪም በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀመረ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ካስተማሩት አንዱ ኤልድሪድ ፓሪ ነበሩ። የልብ ሕክምና የተማሩት እኚህ ሰው በኋላ ስለ አፍሪካ ሕክምና ለብዙ ትውልድ ያገለገለ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፤ ታማሚን ከሚኖርበት ምድር ነጥለህ አትየው የሚለው አካሄድ ሥራቸው ሁሉ ላይ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን መሠረቱ። ለዓመታት ሕፃናት ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአፍሪካ ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት ሰባት ተግባራትን ዘረዘሩ፤ ሰነዱን በዚያው ዓመት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ተቀበሉት። የታማሚ መዝገብ መያዝና የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦት ማስተማመን ከሰባቱ መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤም ጉዳዩን በውሳኔ አጸና።

እና እኛ?

የማላጋንነው ነገር አለ። ስትረስ ኢኮ በየጤና ጣቢያው ይኑር አልልም። ዶቡታሚን የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ሐኪም፣ የልብ ማስነሻ መሣሪያና ሥልጠና የሌለበት ቦታ መሞከር አይገባም። ተኝታም የምታፍነውን ሴት ደግሞ ማስኬድ ጥፋት ነው፤ መልሱ በእጅ ነው። የፈረሰ በርም በምርመራ አይጠገንም። የአንድ ልጅ ጉሮሮ በጊዜው ቢታከም ይሄ ሁሉ ታሪክ አያስፈልግም ነበር። በዩጋንዳ 818 ልጆች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ገና ስውር በሆነ ደረጃ በኢኮ ከተገኙት ልጆች መካከል በየወሩ ፔኒሲሊን ከተወጉት በሁለት ዓመት የባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ፣ ካልተወጉት ግን 8.2 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ በየሙያችን የሚከፋፈል ነው።

መምህራን ለሆናችሁት፣ በቁጥርም ብዙዎቹ እናንተ ናችሁና፦ ጉሮሮውን ታሞ ከሰነበተ በኋላ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱን ያመመው፣ በእረፍት ሰዓት ከልጆች ጋር መሮጥ የተወ ተማሪ ስታዩ «ሰነፈ» አትበሉት። ወላጁን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ያንን ልጅ ከሐኪም ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ጤና ላይ ላለነው፦ የኢኮ ወረቀት ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ አናንብብ። አማቷን፣ ባሏን፣ ጎረቤቷን እንጠይቅ። ዳገቱን፣ ስግደቱን፣ እንስራውን እንጠይቅ። ንግግሯና ሥዕሉ ካልተስማሙ ወደ ስትረስ ኢኮ የምትላከው ያኔ ነው።

ኢንጂነሪንግ ለተማራችሁት፦ ኸርትዝ ሐኪም አልነበረም። ሐኪም ጓደኛው የቸገረውን ሰምቶ የመርከብ መፈተሻ ተዋሰ። የተበላሸ ማሽን ጥግ ይዞ አቧራ ሲለብስ ስታዩ፣ አንዲት ከሰዓታችሁን ብትሰጡት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ለመምህሮቻችንና ለአሁን ተማሪዎች፦ በምሥራቅ ጎጃም ተማሪ ቤቶች ከ1,000 ልጅ ስንቱ በዚህ በሽታ ተነክቷል? በስቅለት ማግስት ወደ ሆስፒታል የሚመጡ የልብ ሕሙማን ቁጥር ከሌላው ሳምንት ይለያል? ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆኑ ጥያቄዎች ናቸው፤ እዚሁ አጠገባችን ያሉም ናቸው። የሚያማክር ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ፤ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ታገኙኛላችሁ።

በሚቀጥለው መገናኛችን በጤና ያገናኘን።